ሰም የሌለው ወርቅ

አክስቴ ከአዲስ አበባ ሊጠይቁን መጥተው፣ ዋይት ሐውስን ሳላይ አልመለስም ብለው፣ አንድ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ላፋዬት አደባባይ ላይ ቆመን ነበር። ፎቶ ካነሳኋቸው በኋላ ነጠላቸውን አስተካከሉና ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «ልጄ፣ የኮከቡ ሹል ጫፍ ያረፈው እዚህ ላይ ነው አሉ፤ እውነት ነው እንዴ?» አሉኝ።

የቱን ኮከብ ማለታቸው እንደሆነ መጠየቅ አላስፈለገኝም። ቪዲዮው በየቴሌግራሙ ሲዞር ከርሟል፦ የከተማዋ ካርታ፣ ጎዳናዎቹን ተከትሎ በቀይ የተሰመረ፣ የክፋት ምልክት ነው የሚባለው የተገለበጠ ኮከብ፣ ቁልቁል የተሰካው ጫፍ ዋይት ሐውስ ላይ፣ ከሥሩ የሚያስፈራ ሙዚቃ። «ወሬ ነው፣ አክስቴ» ብዬ አለፍኩት። ሲያድር ግን መልሴ ከነከነኝ። እሳቸው የጠየቁኝ ስለ መንገድ ነበር፤ እኔ የመለስኩላቸው ስለ ወሬ። መስመሩ መሬት ላይ አለ ወይስ የለም? ነገርን ከሥሩ ውሃን ከጥሩ ነውና ካርታ ዘርግቼ ማስመሪያ አነሳሁ። (ዓመተ ምሕረቱን ሁሉ የምጽፈው በፈረንጆች አቆጣጠር ነው።)

## ማስመሪያው ያልደረሰበት ቦታ

ይህን ማንም ሰው በግማሽ ሰዓት ሊያጣራው ይችላል። አምስት ነጥቦች ላይ ምልክት አድርጉ። ከታች ዋይት ሐውስ፣ ከላይ በግራ ዱፖንት ሰርክል፣ ከላይ በቀኝ ሎጋን ሰርክል፣ ከዚያ ዝቅ ብሎ በግራ ዋሽንግተን ሰርክል፣ በቀኝ ማውንት ቨርነን አደባባይ። መስመሮቹም አምስት ናቸው። ከዋይት ሐውስ ወደ ዱፖንት የሚወጣው ኮኔቲከት አቬኑ ነው፤ ወደ ሎጋን የሚወጣው ቨርሞንት አቬኑ። ከዱፖንት ወደ ማውንት ቨርነን ማሳቹሴትስ አቬኑ ይወርዳል። ዋሽንግተን ሰርክልንና ማውንት ቨርነንን ኬ ስትሪት ያገናኛቸዋል። የቀረው ከሎጋን ወደ ዋሽንግተን ሰርክል የሚሄደው ሮድ አይላንድ አቬኑ ነው። እስከዚህ ድረስ ሲያዩት በእርግጥ ያስደነግጣል። ግራና ቀኙ እንደ መስታወት ይመሳሰላል፤ 16ኛው ጎዳና መካከሉን እኩል ይከፍለዋል፤ ማሳቹሴትስና ሮድ አይላንድም በዚሁ ጎዳና ላይ፣ ስኮት ሰርክል ጋ፣ ይሻገራሉ። ቪዲዮውን አይቶ የደነገጠውን ሰው ሞኝ ማለት አይገባም። ዓይኑ ያየው ነገር አለ።

አሁን ማዕዘኖቹን ለኩ። ትክክለኛ ባለ አምስት ጫፍ ኮከብ እያንዳንዱ ጫፉ 36 ዲግሪ ነው፤ ድምራቸው 180። ካርታው ላይ ግን የዋይት ሐውሱ ጫፍ ወደ 50 ዲግሪ ይጠጋል። የዱፖንትና የሎጋን ጫፎች 40ን ትንሽ ያልፋሉ። የዋሽንግተን ሰርክልና የማውንት ቨርነን ጫፎች 25 አይሞሉም። ደምሩት፣ ያው ወደ 180 ይመጣላችኋል፤ እሱ ግን ምንም አያረጋግጥም፣ ምክንያቱም አምስት ቀጥ ያሉ መስመሮች ሲጠላለፉ የሚወጣ ኮከብ የቱንም ያህል ቢንጋደድ የጫፎቹ ድምር ሁልጊዜ 180 ነው። ቁም ነገሩ አንዱ ጫፍ የሌላውን እጥፍ መሆኑ ላይ ነው። በቪዲዮው ላይ ይህ የማይታየው ስክሪኑ ትንሽ ስለሆነ፣ ቀዩ መስመርም ወፍራም ስለሆነ ነው። መስመሩን በቀጭን እርሳስ አስምሩት፤ ወዲያው ይታያችኋል።

ከዚያ ሮድ አይላንድ አቬኑን ከሎጋን ጀምራችሁ ወደ ምዕራብ በጣታችሁ ተከተሉት። ስኮት ሰርክልን ያልፋል። የቅዱስ ማቴዎስን ካቴድራል ያልፋል። ኮኔቲከት አቬኑ ጋ ሲደርስ ያበቃል። ዋሽንግተን ሰርክል ገና ከ800 ሜትር በላይ ይቀረዋል፤ በመካከሉ ያለው ሕንፃ ብቻ ነው። ኮከቡን ኮከብ ከሚያደርጉት አምስት መስመሮች አንዱ ከርዝመቱ ግማሽ ለመባል ትንሽ የሚቀረው መሬት ላይ የለም። ቪዲዮው ላይ ቀዩ መስመር ያለፈው በጣሪያ ላይ ነው።

እዚያች ነጥብ ላይ ጣቴ ብዙ ቆየ። ለእኛ ባዕድ ቦታ አይደለችም። ኖቬምበር 25 ቀን 1963 ፕሬዚዳንት ኬኔዲ ሲቀበሩ ጃንሆይ ከዴጎልና ከሌሎች የአገር መሪዎች ጋር ሆነው ከዋይት ሐውስ እስከ ቅዱስ ማቴዎስ ካቴድራል በእግራቸው ሄደዋል። ያ ሁሉ ሰው የተጓዘው፣ በቪዲዮው ቋንቋ ብንሄድ፣ ከኮከቡ ሹል ጫፍ ተነስቶ አንደኛው ክንድ እስከሚቆረጥበት ቦታ ነው። በዚያ መንገድ ላይ ትርጉም ያለው ነገር ሲፈጸም ዓለም በሙሉ አይቷል፣ ፎቶው አለ፣ ሰዓቱ ተመዝግቧል። ያንን ትተን የሌለ መስመር ስንከተል መክረማችን ነው ውስጤ የቀረው።

የቅኔን ነገር የማስበውም ከዚህ የተነሣ ነው። እኛ ከነገር በስተጀርባ ነገር መፈለግን ከልጅነታችን የለመድን ሰዎች ነን፤ ሰምና ወርቅ የአነጋገራችን ሁሉ ቅመም ነው። ቅኔ ግን ሕግ አለው። ወርቁ የሚወጣው ከሰሙ ነው። ኅብረ ቃሉ በዚያው ፊደል፣ በዚያው ቦታ ሆኖ ሁለቱንም ማሰማት አለበት። ተማሪው ወርቁ እንዲወጣለት አንድ ፊደል ከጨመረ፣ አንድ ፊደል ከዋጠ፣ ቅኔው ቅኔ አይባልም። ሮድ አይላንድ አቬኑ ላይ የተጨመረችው ከ800 ሜትር የምትበልጥ መስመር ያቺው የተጨመረች ፊደል ናት። ስለዚህ «የተደበቀ ትርጉም አለው» የሚል ነገር በሰማሁ ቁጥር መጀመሪያ ሰሙን እፈልጋለሁ፤ መስመሩ መሬት ላይ አለ? በተባለው ዘመን ነበረ? ቁጥሩ በሌላ መለኪያ ሲለካም ይቆማል?

## ቀያሹ ምን አስቦ ነበር

የከተማዋን ንድፍ በ1791 ያወጣው ፈረንሳዊው ፒየር ላንፋንት ነው፤ ሜትሮ የምትቀይሩበት ላንፋንት ፕላዛ በእሱ ስም የተሰየመ ነው። አባቱ ለፈረንሳይ ንጉሥ ቤተ መንግሥት የሚሠራ ሠዓሊ ነበር፤ ልጅነቱንም በከፊል ያሳለፈው ቬርሳይ ነው። ቬርሳይን ያየ ሰው ቤተ መንግሥቱ ፊት ሦስት ሰፋፊ ጎዳናዎች እንደ ወፍ ጣት ተከፍተው እንደሚሄዱ ያውቃል። የዋሽንግተን ሰያፍ ጎዳናዎች እናታቸው እሷ ናት።

ላንፋንት ምክንያቱን ራሱ ንድፉ ላይ ጽፎታል። በመጀመሪያ ከፍ ከፍ ያሉትን ቦታዎች መረጠ፤ ከዚያ ከአንዱ ሆኖ ሌላው እንዲታይና ሩቅ ለሩቅ ያሉ ሠፈሮች ቶሎ እንዲገናኙ በሰያፍ ጎዳና አያያዛቸው፤ ከሥር ደግሞ ቀጥ ያሉትን የሰሜን–ደቡብና የምሥራቅ–ምዕራብ መንገዶች ዘረጋ። ለታላላቆቹ ጎዳናዎች የሰጠው ስፋት 160 ጫማ ነው፤ 80ው ለሠረገላ፣ በግራና በቀኝ 30፣ 30 ጫማ ዛፍ የተተከለበት የጠጠር መሄጃ፣ ዳርና ዳር ደግሞ 10፣ 10 ጫማ ንጣፍ። አስራ አምስት አደባባዮችንም ለያኔዎቹ ግዛቶች መድቦ ነበር፤ እያንዳንዱ ግዛት የራሱን አደባባይ በሐውልት እንዲያስጌጥ።

እንዲህ ያለ ንድፍ ሲሠራ ምን እንደሚከተል ማየት ቀላል ነው። የካሬ ደብተር ወረቀት ላይ አምስት ስድስት ሰያፍ መስመሮች አስምሩና ቁጠሩ። ሦስት ማዕዘን በየቦታው ይወጣል። ኮከብ፣ የቤት ጣሪያ፣ የቀስት ጫፍ፣ የፈለጋችሁት ሁሉ አለ። ጠንቋይ አያስፈልገውም፤ ሰያፍና ካሬ ሲደራረቡ የሚሆነው ይኸው ነው። ጣጣው ለግንበኛና ለሾፌር ነው የቀረው። ሦስት ማዕዘን የሆነች ቁራሽ መሬት ላይ ቤት መሥራት ችግር ስለሆነ ብዙዎቹ ትናንሽ መናፈሻ ሆነው ቀሩ፤ ስድስትና ስምንት መንገድ የሚገናኝባቸው አደባባዮችም ዲሲ ውስጥ ታክሲ የነዳ ሰው ሁሉ የሚያውቃቸው ናቸው።

ደግሞ የዘመኑ ነገር አለ። ላንፋንት የከተማዋን ሥራ ከሚቆጣጠሩት ኮሚሽነሮች ጋር ተጣልቶ በፌብሩዋሪ 1792 ከሥራው ተሰናበተ፤ ንድፉን ቀያሹ አንድሩ ኤሊኮት አስተካክሎ አሳተመው፤ አንዳንድ ጎዳናዎችንም አቃና። ዱፖንት ሰርክል አደባባይ ሆኖ የተሠራው በ1871 ነው፣ ሰማንያ ዓመት ቆይቶ። እስከዚያ ድረስ አካባቢው ግንባታ ያልደረሰበት ረግረግ ነበር። ምስጢራዊ ምልክት ነው ከተባለ፣ ፈጣሪው የተባረረበት፣ ሌላ ሰው የነካካው፣ አንዱ ጫፉ ለሁለት ትውልድ ጭቃ ውስጥ የቆየ ምልክት ነው ማለት ነው። ላንፋንት ከእንዲህ ያለ ተረት ጀርባ ስሙ የሚነሣው የምስጢር ማኅበር፣ የፍሪሜሶን፣ አባል ነበር ወይ ለሚለው፣ በ1789 ኒው ዮርክ ውስጥ የመጀመሪያዋን ደረጃ ተቀብሏል፤ ከዚያ በላይ አልሄደም። ንድፉን አብሮ የተከታተለው የያኔው የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር ቶማስ ጀፈርሰን አባል አልነበረም።

ከሁሉ በላይ ግን የተገለበጠ ኮከብ የክፋት ምልክት ነው የሚለው ትምህርት ራሱ ከከተማዋ ያንሳል። ያንን ያስፋፋው ፈረንሳዊው የአስማት መጻሕፍት ጸሐፊ ኤሊፋስ ሌቪ ነው፣ በ1850ዎቹ። ላንፋንት በ1791 ያልነበረን ትርጉም ከየት አምጥቶ ይደብቃል? ሰሙ ከወርቁ ስልሳ ዓመት ይቀድማል።

የጄ ጎዳናም ተረት እንዲሁ ነው። ከዲሲ የፊደል ጎዳናዎች መካከል ጄ የለም፤ ከአይ ቀጥታ ወደ ኬ ነው የሚኬደው። ላንፋንት ጆን ጄይ የሚባለውን ዳኛ ስለሚጠላ ነው፣ የተደበቀ መልእክት ነው ይላሉ። እኛ ፊደላችን ውስጥ ሀ፣ ሐ፣ ኀ እያሉን ይህን ለመረዳት ከማንም የምንቀርብ ይመስለኛል። በ18ኛው ክፍለ ዘመን አይ እና ጄ በእጅ ጽሑፍ አንዱ ላንዱ የሚተካ፣ እንደ አንድ ፊደል የሚታዩ ነበሩ። ጀፈርሰን ራሱ የስሙን መነሻ ፊደል በአይ ይጽፍ ነበር። ሁለት ጎዳና አንዱን በአይ አንዱን በጄ ብትሰይም ደብዳቤው የት ይደርሳል? ስለዚህ አንዱን ተዉት፤ ነገሩ ይኸው ነው።

## ሐውልቱና ቁጥሩ

የዋሽንግተን ሐውልት ደግሞ በቁጥር ይከሰሳል። ቁመቱ 555 ጫማ ነው፤ በ12 ሲባዛ 6,660 ኢንች፤ ከመሬት በታችም 111 ጫማ አለ፤ ድምሩ 666 ይላሉ። ራእይ ምዕራፍ 13ን ላነበበ ሰው ይህ ቀላል ነገር አይደለም፤ ስለዚህ እንደ ቀላል ነገር አላልፈውም።

ሐውልቱ በ1884 ሲጠናቀቅ የተመዘገበው ቁመት 555 ጫማ ከ5 ኢንች ከአንድ ስምንተኛ ነው። በኢንች ሲሆን 6,665 ከዚያም ትንሽ ይበልጣል። 6,660 ለማግኘት አምስቱን ኢንች መጣል ያስፈልጋል፤ እነሆ የተዋጠች ፊደል። መሠረቱ ደግሞ 111 ጫማ አይደለም፤ 36 ጫማ ከ10 ኢንች ነው። ከ2011ዱ የመሬት መንቀጥቀጥ በኋላ ለጥገና መወጣጫ ሲቆም የመንግሥት ቀያሾች በዘመናዊ መሣሪያ እንደገና ለክተውት 554 ጫማ ከ7 ኢንች ገደማ አገኙ። ሐውልቱ አጥሮ አይደለም፤ መለካት የሚጀመርበት የመሬት ነጥብ በአሁኑ ደንብ ስለተለወጠ ነው። በሜትር ብትለኩት ደግሞ 169 ነው፤ 169 ማንንም አያስፈራም።

ታዲያ 555 ከየት መጣ? ይህን ነው ቪዲዮዎቹ የማይናገሩት፤ መልሱ ግን የታወቀ ነው። የሐውልቱ የመሠረት ድንጋይ የተቀመጠው ጁላይ 4 ቀን 1848 ነው፤ በመጀመሪያው ንድፍ የታሰበው ቁመት 600 ጫማ ነበር። በ1854 ገንዘብ አለቀ። ፖፑ የላኩትን የእብነ በረድ ስጦታ ካቶሊክን የሚጠሉ ሰዎች ሰረቁት፤ እነዚሁ ወገኖች ግንባታውን የሚመራውን ማኅበርም ያዙት፤ ሥራው 150 ጫማ ገደማ ላይ ቆመ። ሃያ አምስት ዓመት ያህል እንደ ተሰበረ ጥርስ ቆሞ ቀረ። በ1879 ሲቀጠል የመጀመሪያውን የሚመስል ድንጋይ ስላልተገኘ ነው ዛሬ ከታች ያለው ሲሶ ቀለሙ ከላይኛው የሚለየው። ሥራውን የተረከበው መኮንን ቶማስ ኬሲ የድሮው መሠረት ያን ክብደት እንደማይችል አይቶ ከሥሩ እየቆፈረ ኮንክሪት ሞላበት፣ አሰፋውም። በዚያው ጊዜ በጣልያን የአሜሪካ አምባሳደር የነበረው ጆርጅ ማርሽ ሮም ያሉትን የግብፅ ሐውልቶች አስለክቶ አንድ ደንብ ላከ፦ ቁመቱ የታችኛው ወርድ አሥር እጥፍ ይሁን። የሐውልቱ ወርድ አስቀድሞ ተሠርቶ ነበር፣ 55 ጫማ። አሥር እጥፉ ወደ 550 ነው። ቁጥሩን የወለደው ወርዱ ነው፤ ወርዱን የወሰኑት ደግሞ ሠላሳ ዓመት ቀድመው፣ ሌላ ቁመት አስበው የነበሩ ሰዎች ናቸው።

ሐውልቱ የቆመበት ቦታ ራሱ ምስክር ነው። ላንፋንት የዋሽንግተንን ሐውልት ያሰበው ከካፒቶል ወደ ምዕራብ፣ ከዋይት ሐውስ ወደ ደቡብ የሚሄዱት መስመሮች በሚገናኙበት ነጥብ ላይ ነበር። አፈሩ ሲታይ ያን ሸክም የማይችል ረግረግ ሆነ። ሐውልቱ ከ100 ሜትር በላይ ወደ ምሥራቅ ተገፋ። ዛሬ ከዋይት ሐውስ በር ቀጥ ብላችሁ ወደ ደቡብ ብታዩ ሐውልቱ መካከል ላይ አይገኝም፤ ወደ ግራ ፈንጠር ብሏል። ትክክለኛው ነጥብ ላይ ያለችው ጀፈርሰን ፒየር የምትባል፣ ቱሪስት ሳያያት የሚያልፋት አጭር ድንጋይ ናት። በ1902 የወጣው አዲስ ንድፍም ሐውልቱን ማንቀሳቀስ ስለማይቻል ሞል የሚባለውን የረጅም ሣር ሜዳ መስመር ራሱን አንድ ዲግሪ ያህል አዘንብሎ ከሐውልቱ ጋር አገጣጠመው። ጂኦሜትሪን የሚያመልክ ስውር እጅ ቢኖር ኖሮ ለጭቃ ባልተሸነፈ።

ከአንጀት ካለቀሱ እንባ አይገድም፤ ቁጥርም እንደዚያው ነው። ወድቆ የተጋደመው ትልቁ የአክሱም ሐውልት ርዝመቱ 33 ሜትር ነው። 33 ፍሪሜሶኖች የሚወዱት ቁጥር ነው ይባላል። የአክሱም ጠራቢዎች ግን ሜትርን አያውቁም፤ ሜትር የተፈጠረው ከእነሱ ከአንድ ሺህ ዓመት በላይ ቆይቶ ነው። መለኪያው በተለወጠ ቁጥር የሚጠፋ ምስጢር በድንጋዩ ውስጥ አልነበረም።

ፔንታጎንም ባለ አምስት ማዕዘን የሆነው በ1941 መጀመሪያ የተመረጠለት መሬት በአምስት መንገድ የተከበበ ስለነበር ነው። ፕሬዚዳንት ሩዝቬልት የአርሊንግተንን መካነ መቃብር እይታ ይጋርዳል ብለው ቦታውን አስቀየሩ፤ ንድፉን እንደ አዲስ ለመሥራት ጊዜ ስላልነበረ ቅርጹ ቀረ።

## በአደባባይ የተሠራው

ይህን ሁሉ ስል ዋሽንግተን ውስጥ የፍሪሜሶን አሻራ የለም ማለቴ አይደለም። አለ፤ በዝቶም አለ። ሴፕቴምበር 18 ቀን 1793 ጆርጅ ዋሽንግተን የማኅበሩን ሽርጥ ታጥቆ፣ የብር የግንበኛ ማንካ ይዞ የካፒቶልን የመሠረት ድንጋይ አስቀምጧል። በድንጋዩ ላይ እህል፣ ወይንና ዘይት ፈሰሰ፤ ሲያበቃም ትልቅ በሬ ተጠብሶ ተበላ። ከድንጋዩ ጋር የተቀበረው የብር ሰሌዳ ዘመኑን «5793» ብሎም ይጠራል። ይህን ቁጥር የሰማ ሰው ይደነግጥ ይሆናል፤ ነገሩ ግን ለእኛ እንግዳ አይደለም። እነሱ ከዓለም ፍጥረት ብለው 4000 ደመሩ፤ እኛም ዓመተ ዓለምን ስንቆጥር 5500 እንደምራለን።

ልብ በሉ፣ ይህ ሁሉ የተደረገው በቀን፣ በሰልፍ፣ በከበሮ ነው፤ ጋዜጣም አውጥቶታል። አሌክሳንድሪያ የምትኖሩ ኪንግ ስትሪት ሜትሮ አጠገብ ኮረብታው ላይ ያለውን ግንብ በየቀኑ ታዩታላችሁ። 333 ጫማ ነው፤ የጥንቱን የእስክንድርያ የመብራት ግንብ አስመስለው ለዋሽንግተን መታሰቢያ የሠሩት ራሳቸው ፍሪሜሶኖች ናቸው፤ ፊት ለፊቱ ሣሩ ላይም ስኳድራና ኮምፓስ ምልክታቸውን ግዙፍ አድርገው አስቀምጠዋል። 16ኛው ጎዳና ላይ ያለው ቤተ መቅደሳቸው በ1915 የተመረቀ ነው፤ ዙሪያውን 33 ዓምዶች አሉት፣ እያንዳንዳቸው 33 ጫማ፤ በሩ ላይ ሁለት ስፊንክሶች ተኝተዋል። እዚህ 33 ትርጉም አለው፤ የሠሩትም ሰዎች ትርጉሙን ይናገራሉ፤ ገብቶ መጎብኘትም ይቻላል። በኮንግሬስ ቤተ መጻሕፍት ወለል ላይም አሥራ ሁለቱ ከዋክብት በናስ ተቀርጸዋል፤ ሰው በእግሩ ይረግጣቸዋል። በካፒቶል ጉልላት ውስጥ ብሩሚዲ በ1865 የሣለው ሥዕል ዋሽንግተንን በደመና ላይ አስቀምጦ የሮማ አማልክትን በዙሪያው ደርድሯል። ይህ ሃይማኖት ላለው ሰው ቅር የሚያሰኝ ሊሆን ይችላል፤ ቅር ሊለን፣ ልንከራከርበትም ይገባል። ግን ተደብቆ አይደለም፤ ማንም ቀና ብሎ ያየዋል።

## ጉልላቱ ላይ ያለችው ሴት

አክስቴ እንደገና ቢመጡ የምወስዳቸው ካፒቶል ነው። ጉልላቱ ጫፍ ላይ የቆመችው የነሐስ ሴት የነጻነት ሐውልት ትባላለች፤ ቁመቷ 19 ጫማ ተኩል፣ ክብደቷ 15,000 ፓውንድ ያህል። ከታች ሆኖ ሲታይ ራሷ ላይ ያለው ነገር የላባ አክሊል ይመስላል፤ ብዙ ሰው የቀይ ሕንዶች ሴት ናት ይላል።

ቀራጺው ቶማስ ክሮፎርድ መጀመሪያ ራሷ ላይ ያስቀመጠው ሌላ ነገር ነበር። በጥንት ሮም ነጻ የወጣ ባሪያ የሚያደርገውን ቆብ አድርጎላት ነበር። ንድፉ በ1850ዎቹ ለጦር ሚኒስትሩ ለጀፈርሰን ዴቪስ ቀረበ። ዴቪስ ባሪያ አሳዳሪ ነበር፤ ኋላም የደቡቡ ኮንፌዴሬሽን ፕሬዚዳንት የሆነው እሱ ነው። ቆቡ ምን እንደሚል በደንብ ገባውና ተቃወመ፤ ነጻ የወጣ ባሪያ ምልክት በነጻነት ለተወለደ ሕዝብ አይስማማም አለ። ክሮፎርድ ቆቡን አውጥቶ የንሥር ራስና ላባ ያለበት የራስ ቁር ደፋላት። ዛሬ ጉልላቱ ላይ የምናየው ላባ የዚያ ክርክር ጠባሳ ነው። ከዚህ የሚበልጥ ወርቅ የት ይገኛል? ሰሙ ላባ ነው፣ ወርቁ ባርነት።

ክሮፎርድ በ1857 ሞተ። የጂፕሰሙ ቅርጽ ከሮም በመርከብ ተቆራርጦ መጣና አንድ ጣልያናዊ ሠራተኛ ገጣጥሞ ለእይታ አቆመው፤ መጋጠሚያዎቹንም እንዳይታዩ በጂፕሰም ለሰናቸው። በነሐስ ለማፍሰስ ቅርጹ ተለያይቶ ወደ ክላርክ ሚልስ ማቅለጫ መወሰድ ነበረበት፤ ጣልያናዊው ግን ደመወዝ ካልተጨመረልኝ መጋጠሚያው የት እንደሆነ አላሳይም አለ። ስውር መስመር ይሏችኋል ይህ ነው፤ በእርግጥ የነበረ፣ በእርግጥ የተደበቀ።

ያገኘው ፊሊፕ ሪድ ነው። ሪድ የሚልስ ባሪያ ነበር፤ በ1,200 ዶላር የተገዛ። ቅርጹ አናት ላይ ካለው የብረት ቀለበት ገመድ አሰረና በፑሊ ቀስ እያለ ወደ ላይ ሳበው። ቅርጹ በራሱ ክብደት ወደ ታች ይጎተታል፤ ገመዱ ወደ ላይ ይጎትተዋል፤ ሲወጠር በልስኑ ላይ እንደ ፀጉር የቀጠነ ስንጥቅ ብቅ አለ። መጋጠሚያው እዚያ ነበር። እንዲህ እያደረገ ሁሉንም ለያዩት። ኃይል ቢያበዛ ቅርጹ ይሰበር ነበር፤ ቢያሳንስ ስንጥቁ አይታይም። በአምስት ዋና ዋና ክፍል ተፈስሳ ተገጣጠመች፤ የመጨረሻው ክፍልም ዲሴምበር 2 ቀን 1863 ጉልላቱ ላይ ወጣ። ያኔ ሪድ ነጻ ሰው ነበር፤ ከአንድ ዓመት ተኩል በፊት፣ ኤፕሪል 16 ቀን 1862፣ በዲሲ ያሉ ባሮች በሕግ ነጻ ወጥተው ነበርና።

ከካፒቶል ሥር ወዳለው የጎብኚዎች አዳራሽ ስትወርዱ የጂፕሰሟ ቅርጽ ራሷ እዚያ ቆማለች፤ ሪድ በፑሊ የሳባት። አዳራሹ የነጻነት አዋጅ አዳራሽ ይባላል። በዚያው ከጥንቱ የካፒቶል ግንብ የተወሰደ የአኩዊያ አሸዋ ድንጋይ ተቀምጧል፤ በ2012 የተቀመጠው ያንን ድንጋይ የፈለጡትንና የጠረቡትን ባሮች ለማሰብ ነው። አክስቴን እዚያ አቁሜ የማሳያቸው አንድ ሌላ ነገር አለ፣ የመንግሥት የክፍያ ሰነድ። የስድስቱን ቀን ደመወዝ የሚወስደው ጌትየው ነበር፤ ሪድ በእጁ የሚቀበለው እሑድ እሑድ የሠራውን ብቻ ነው። ሥራው በቅርጽ ማፍሰሻዎቹ ሥር እሳቱ እንዳይጠፋ መጠበቅ ነበር፤ በቀን አንድ ዶላር ከሃያ አምስት ሳንቲም። ሰነዱ ላይ ያለው ድምር 41 ዶላር ከ25 ሳንቲም ነው። የእሑዶቹ ቁጥር 33። መጻፍ ስለማይችል የፈረመው በኤክስ ምልክት ነው።